አንድ ሰው የጎደለበት ስሌት

የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው። ሁለት ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አንደኛው ትሑት ሰው ነበር፤ ቦርሳዬን ልያዝልዎ ሁሉ ብሎኛል። «መምህር፣ ለአጭር ጥያቄ ነው፤ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳሉ» አለኝ። ሞኝ አይደለሁም፣ ግን አመንኩት። በአሰላ ብርድ የትኛው ሻይ ነው ሳይቀዘቅዝ የሚቆይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ጣቢያው ስንደርስ ስልኬን፣ ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ወሰዱ። ከኮቴ ኪስ ውስጥ የጠመኔ ቁራጮች ወጡ። ፈታሹ አገላብጦ አያቸውና መለሰልኝ። ምን ያደርግለታል ብሎ ይሆናል።

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የምርጥ ዘር መጋዘን የነበረ ነው። ዘሩ ላይ የሚነሰነሰው መድኃኒት ሽታ ከግድግዳው አልወጣም፤ ዛሬም የዘር ከረጢት ሲፈታ አፍንጫዬ ወደዚያ ይመልሰኛል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከጣሪያው ስር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፣ ብርሃን የምትሰጠው በቁጠባ ነው። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ባለሁበት ቆምኩ። መጀመሪያ ያየሁት በሩ ስር የተደረደረውን ጫማ ነበር። ቀጥሎ ከጥጉ አንድ ሰው ብድግ ሲል አየሁ።

«መምህር!» አለ።

ተማሪዬ ነበር። እሱ ስለተነሳ ሌሎቹም ተነሱ፤ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ ከሃያ የማያንስ ሰው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲያ ቆሞ የተቀበለኝ ክፍል የለም። ልጁ ከእኔ ቀድሞ ነበር የተያዘው፤ ከስቶ፣ የጉንጩ አጥንት ወጥቶ አገኘሁት። የሚተኛበትን ካርቶን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እዚህ ይቀመጡ፤ ከበሩ ይርቃል፣ አይበርድም» አለኝ። ከበሩ መራቅ እዚያ ቤት ትልቅ ሀብት ነበር።

እንዴት አብረን እንደገባን ልናገር። የማስተምረው ተግባራዊ ሂሳብ ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ ቀመር በሰሌዳ ላይ ሞልቼ፣ ተማሪው ገልብጦ፣ ለፈተና ሸምድዶ፣ ከፈተና በኋላ ረስቶ እንለያይ ነበር። ያ ሰለቸኝ። ከዚያ ወዲህ የማስተምረው ከከተማው ጉዳይ ተነስቼ ሆነ። አንድ በገሃድ ያለ ችግር አመጣለሁ፤ ተማሪዎቹ በቡድን ሄደው ያዩታል፣ ሰው ይጠይቃሉ፣ ወደ ሂሳብ ይለውጡታል፣ መልሱን ይዘው ተመልሰው ክፍል ፊት ይሟገታሉ። በደንቡ የጉዳይ ጥናት ይባላል፤ እነሱ ኬዝ ይሉታል።

በጣም የምወደው የኮምባይነሩ ጥናት ነበር። መኸር ሲደርስ የአጨዳ ማሽኖቹ መጀመሪያ የሚታዩት ዴራ ቆላው ላይ ነው፤ ስንዴው እዚያ ቀድሞ ይደርሳል። ከዚያ እህሉን እየተከተሉ ሽቅብ ወደ ደጋው ይወጣሉ። ማሽኑ አንድ፣ ማሳው ብዙ፣ ዝናቡም ሊመጣ ያሰፈሰፈ። ከማን ይጀመር? የገበሬ ልጆች ናቸውና ይህ ጥያቄ ሲሰጣቸው የኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋ የነበረው ሁሉ ይነቃል። አንዷ ተማሪ «መምህር፣ መልሱ ትክክል ነው፣ ግን አባቴ አይቀበለውም» አለችኝ። ለምን ስላት፣ «ማሽን የጎረቤትን ማሳ ዘሎ ካለፈ ጠብ ነዋ!» አለች። «እንግዲያው ጠቡንም ስሌቱ ውስጥ አስገቢው» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አስገባችው፤ አሳምራ።

አንድ ሕግ ነበረኝ። ጉዳዩ የሚነካውን ሰው ሁሉ ሳትጠይቁ እርሳስ አታንሱ እላቸው ነበር።

ያሳሰረን የውሃው ጥናት ነው። በዚያ ዓመት ከተማው ውሃ ጠፍቶበት በቦቴ መኪና ይታደል ነበር። ቦቴው በየትኛው መንገድ ቢዞር ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ሰው አጭር ጊዜ ይጠብቃል? ይህን ሰጠኋቸው። የቡድኑ መሪ ይኸው ልጅ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ተሰልፎ ጀሪካን እየገፋ ጠየቀ፣ ለካ፣ አሰላ። ውሃው አንሶ አይደለም፣ ዙሩ ነው የተበላሸው የሚል መልስ አመጣ። የሰፈሩ ሰዎች በስብሰባ ላይ አስረዳን አሉት፤ አስረዳቸው። ጥፋቱ በደንብ ማስረዳቱ ነው። በማግስቱ ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ውሃ ቢሮው ደጃፍ ሄዱ፤ ከኋላቸው ማን እንዳለ ሲፈለግ እሱ ተገኘ፣ ከእሱ ኋላ ማን እንዳለ ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ።

«የጥናቱ ዓላማ ምንድን ነው?» አለኝ መርማሪው።

«ሃያ ከመቶ ይይዛል» አልኩት።

አልሳቀም። ጻፈው።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ጣቢያው ጠዋት ዳቦና ሻይ ይሰጣል፤ ሌላው ከየቤታችን የሚመጣ ነው። ባለቤቴ በየቀኑ ትመጣ ነበር። መገናኘት የለም፤ በር ላይ ካመጣችው ሁሉ እንድትቀምስ ይደረጋል፣ ከዚያ ሳህኑ ብቻ ይገባል። ከሽሮው ጠርዝ ላይ የጣቷን ፋና አይ ነበር። በዚያ ፋና ደህና መሆኗን አውቃለሁ።

የምግቡ ነገር በካቦው እጅ ነው። ካቦ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፤ የእኛው ካቦ ከአቦምሳ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ የዋህ፣ ቁጣው ቶሎ የሚበርድ ሰው ነው። የመጣለት ያልመጣለትን ይዞ ይብላ የሚል ሕግ አውጥቷል። ምሳ ሲደርስ ሁሉም በየወገኑ ይሰበሰባል። ልጁ ግን የዚያን ሰዓት ሥራ አያጣም። ይጠርጋል፣ ጀሪካን ያጥባል፣ የሰው ብርድ ልብስ ያጥፋል።

«ና ብላ እንጂ!» ይለዋል ካቦው።

«በልቻለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእነዚያ ጋር» ይላል፣ ወደ ሌላው ጥግ እየጠቆመ። እዚያ ጥግ ሲጠሩት ደግሞ ወደዚህ ይጠቁማል። ሥጋ ሲሆን የክርስቲያን ነው ይላል፤ የሙስሊም ሲመጣ ጾም ይዣለሁ ይላል። ከጠዋቱ ዳቦ በቀር ምንም ባፉ እንደማይዞር ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ካወቅኩ በኋላ ግን እኔም ምግቡ አልጣመኝም። አንድ ቀን በሞቴ ብዬ በግድ አጎረስኩት። ለእኔ ሲል ዋጠ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በጉርሻ የማይፈታ ነገር እንዳለ ያን ቀን ገባኝ።

ምክንያቱን የሰማሁት ሳላስበው ነው። በዚያ ክፍል ሐጂ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከደጋው የመጡ ገበሬ፣ ጥርሳቸው አልቆ ሳቃቸው ብቻ የቀረ። ልጁ ከእሳቸው ጋር በኦሮምኛ ያወጋል። እኔ አሰላ ተወልጄ ያደግኩ፣ ኦሮምኛ የምሰማ መሆኔን ዘንግቶታል። ጋቢዬን ተከናንቤ የተኛሁ መስሎት ነበር።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ለምን አትበላም?» አሉት ሐጂ።

«አይወርድልኝም። ይህ ሰው የታሰረው በእኔ አፍ ነው። ወረቀቱን አስረክቤ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ እያስተማረ ነበር። ሚስቱ ብርድ ላይ ቆማ ያመጣችውን እኔ ልብላ? የናንተንስ ብበላ በምን እመልሳለሁ? ከእኔ ቤት የሚመጣ የለም።»

«ቤትህ ለምን አይነገርም?»

«እናቴ ለፈተና እያጠናሁ ነው የሚመስላት። ከሰማች ከጎበሳ እስከዚህ በእግሯም ቢሆን ትመጣለች፤ ደግሞ ታማለች። ማንም እንዳይነግራት ጓደኞቼን አስምያለሁ።»

ሐጂ «ኛዱ» አሉት፣ ብላ ማለታቸው ነው። «ቢያስመልስህም ኛዱ።» እኔ ጋቢው ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። እፍረት የለበትም፣ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለቆጠራ ስንሰለፍ ልጁ ግድግዳውን ተደገፈ። ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መምህር፣ ይህ ልጅ በእጃችን ላይ ያልቃል። አንተ አስተማሪው ነህ፤ አንድ ነገር አድርግ» አሉኝ። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። ብላ ብዬ ልቆጣው? በልመና? አንተ ጥፋተኛ አይደለህም ብለው፣ የሰማሁትን መስማቴን ያውቅና ከእፍረቱ ብዛት የጠዋቱንም ዳቦ ይተዋል።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ድግሱ የመጣው በጠብ ተመስሎ ነው።

የጾም ቀን ነበር። የሙስሊሞቹ ቤቶች ሥጋ ወጥ አብዝተው ልከዋል፤ ለጾመኞቹ የመጣው ግን አንድ ሳህን ምስርና ጥቂት ጎመን ነው። ስኳር ያለበት አንድ ሰውዬ ነበር፤ የእሱ ምሳ በር ላይ ዘግይቶ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አጠገቡ ያሉት ደግሞ የሚጾም መስሏቸው አልሰጡትም። አንዱ ሌላውን ሆዳም አለው። ሳህን ተገለበጠ። ዘበኛው በሩን በዱላ ደበደበ። ካቦው መሐል ገብቶ ጮኸ፤ ሲረጋጋ ደግሞ አጠገቤ መጥቶ ዘፍ አለ።

«መምህር፣ የሂሳብ ሰው አይደሉ? ይቺን ነገር መላ ይበሉልን። አለበለዚያ እኔ ይህን ሹመት ለቅቄያለሁ።»

«እኔ ጥያቄ ነው የማወጣው» አልኩት። «መልስ የሚሠራው እሱ ነው።»

ልጁን አሳየሁት። መጥረጊያውን እንደያዘ ቀና አለ። ጠመኔዋን ከኪሴ አውጥቼ ወደ መሐል ወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ኮቴንም ቆለፍኩ።

«በአንድ መጋዘን ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ። «ምግብ ከተለያየ ቤት፣ በተለያየ ሰዓት ይመጣላቸዋል። የሚጾም አለ። የዚህኛውን እርድ የማይበላ፣ የዚያኛውን እርድ የማይበላ አለ። በሰዓቱ ካልበላ የሚታመም አለ። ጥርስ የሌለው አለ።» ሁሉም ሐጂን አይቶ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። «ማንም ሳይራብ፣ ማንም ሃይማኖቱን ሳይጥስ እንዴት ይካፈሉ? ማስረከቢያው ነገ ከምሳ በፊት ነው።»

«ሰው መጠየቅ ይፈቀዳል?» አለ ልጁ።

«ግዴታ ነው።»

ያን ከሰዓት ሳስታውስ ዛሬም ደስ ይለኛል። ልጁ እያንዳንዱ ሰው ፊት ቁጢጥ እያለ ጠየቀ። ከቤትዎ ምን ይመጣል? ማን ያመጣዋል? ስንት ሰዓት? የማይበሉት ምንድን ነው? መጀመሪያ ተግደረደሩ፣ ኋላ ማቆም አልቻሉም። አንዱ ሚስቱ ቂንጬ እንዴት እንደምትሠራ ከእሳቱ ጀምሮ ተረከለት። ሌላው ከእናቱ ጎመን በስተቀር ጎመን የሚባል ነገር እንደሌለ ማለለት። ስኳር ያለበት ሰውዬ ሕመሙን ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር፣ ለእሱ ተናገረ። በዚያ ቤት «ምን ሠራህ?» የሚል ሞልቷል፤ «ምን ትወዳለህ?» ብሎ የጠየቀ ግን ልጁ የመጀመሪያው ነበር። ሐጂ በተራቸው ስለ ጭኮ አስተማሩት። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ የሚዘጋጅ ነው፣ ቢሰነብትም አይበላሽም፤ ስለዚህ የዛሬውን ጭኮ ዛሬ መብላት ብክነት ነው፣ ጠያቂ ለማይመጣበት ቀን ይቀመጥ አሉ። ልጁ «ተቀማጭ!» ብሎ ጮኸና ወለሉ ላይ ጻፈ። ዓይኑ በርቶ ነበር። ድሮ ክፍሌ ውስጥ የማውቀው ልጅ ተመልሶ መጣ።

«መምህር፣ ቡድን መሥራት ይቻላል?» አለኝ ካቦው በመጨረሻ፣ አላስችለው ብሎ። ቡድን ሠሩ። አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ነበሩ፤ እንደዚያ ያለ ክፍል ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አስተምሬ አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ከመስኮቷ ብርሃን ስትገባ፣ ልጁ ሥራውን አቀረበ። ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶታል፤ ሰው ሁሉ እንዳይረግጠው ግድግዳ ታክኮ ቆሟል። በአማርኛ ያስረዳና ለሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ይደግመዋል። በየቤቱ መለየቱን ትቶ ሁሉንም ምግብ አንድ ላይ አስቦ በሦስት ማዕድ ከፍሎታል። የጾም፣ የእነዚህ እርድ፣ የእነዚያ እርድ። ጾመኛው በሚበዛበት ቀን የሙስሊሞቹ ቤቶች ምስርና ድንች እንዲልኩ፣ በረመዳን ደግሞ የክርስቲያኖቹ ቤቶች የማፍጠሪያውን ጨምረው እንዲያግዙ። ስኳር ያለበት ሰውዬ የማንንም ሳህን ሳይጠብቅ ከተቀማጩ ቀድሞ ይበላል። ለስላሳው ለሐጂ። ካቦው አጨበጨበ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ምን ሆናችሁ አለ።

እኔ ጠመኔዬን ይዤ ወለሉ ላይ ጎንበስ አልኩ። ሥራውን በደንብ አየሁት። ንጹሕ ሥራ ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ስደርስ ግን የጠረጠርኩት እንደደረሰ አየሁ።

«መልሱ ስህተት ነው» አልኩ።

«አይደለም» አለ ልጁ። «ሁለቴ አረጋግጫለሁ መምህር።»

«ማዕዱ የተሠራው ለስንት ሰው ነው? ቁጠር።»

ቆጠረ። ካቦውም አብሮት ቆጠረ፣ በጣቱ እያመለከተ። ሐጂ ቀድመው ገባቸው መሰለኝ፣ «አህያ ላይ ተቀምጦ አህያ ጠፋችብኝ ያለው ነጋዴ ነገር ሆነ!» አሉና ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ። ልጁ አልሳቀም። ረስቶ አለመሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

«አንድ ሰው ጎድሏል» አልኩት።

«ለዚያ ሰውዬ የሚያመጣለት የለም» አለ ቀስ ብሎ።

«ጥያቄው ማን ያመጣል አይደለም። ማንም ሳይራብ ነው ያልኩት። እዚህ ቤት የሚያድር ሁሉ ጥናቱ ውስጥ ነው።»

«እሱ ከገባ ለሌላው ይጎድላል።»

«ምን ያህል?»

«ብዙ» አለ።

«አስላው» አልኩት፣ ጠመኔዋን እየሰጠሁት። «በግምት አልቀበልም።»

ቁጢጥ ብሎ አሰላ። ማንም አልተነፈሰም፤ እዚያ ለቆመው ሰው ሁሉ የዚያ ቁጥር ነገር የራሱ ነገር ሆኖበታል። ልጁ ጨርሶ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ስንት ሆነ?» አለ ካቦው።

«ከእያንዳንዱ ሰው ከአንድ ጉርሻ ያነሰ።»

«ከጉርሻ ያነሰ!» አለ ካቦው። «ለዚህች ነው እንዴ ስታስለፋን የከረምከው? እኔ ሳስነጥስ የሚወድቅብኝ አይበልጥም?» ሰው በሙሉ ሳቀ። ሐጂ ግን መጥተው እጃቸውን አናቱ ላይ አሳረፉና በኦሮምኛ መረቁት።

ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ረድፉን አጠፋ። ብዙ አሰበ። ከዚያ የራሱን ቦታ ጨምሮ እንደገና ጻፈና ተነስቶ ቆመ። ከገባሁ ወዲህ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«አንድ ነገር እጨምራለሁ» አለ። «የሚቆርሰውና የሚደለድለው እኔ ነኝ። ያካፈለ ሰው መጨረሻ ያነሳል። ሁሉም ከመረጠ በኋላ የቀረውን እወስዳለሁ። በዚህ ካልተስማማችሁ ስሜን አጠፋለሁ።»

በሂሳብ ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። የሚያካፍለው መጨረሻ የሚያነሳ ከሆነ ማበላለጥ አይችልም፤ ትንሹ የሚደርሰው ለራሱ ነውና። እኔ አላስተማርኩትም። ልጁ ከዘዴነቱ ይልቅ ሌላ ነገር ፈልጎበት ነበር፤ በነፃ የሚጎርስ ሰው ሆኖ መቀመጥ አልፈለገም። ከየሰዉ ጉርሻ ቢቀበልም በምትኩ ሚዛኑን ይዟል። ሁላችንም ተስማምተናል አልን። ካቦው ሹመቱን በደስታ ግማሹን ለቀቀ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ልጁ እጁን ታጥቦ መጣ። ቆረሰ፣ ደለደለ፣ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን አነሳ። ለእኔ የደረሰኝ ከካቦው ቤት የመጣ ቂጣ ነበር፤ ለእሱ የቀረለት ባለቤቴ የላከችው ሽሮ። አየኝ። እኔ ወደ ሌላ ተመለከትኩ። በላው፤ ሳህኑን ጠርጎ።

በኋላ በየተራ ተፈታን። ክስ አልተመሠረተም፣ ይቅርታም አልተባለም። ልጁ የመውጫ ፈተናው አልፎበት ሌላ ዓመት ጠብቆ ወሰደ፤ ዛሬ ጎበሳ አቅራቢያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተምራል። እኔም ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። አሁንም የማስተምረው በጥናቶቼ ነው፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ላያቸው ይላል። ስለ ውሃ ከሆነ ሁለቴ ያያል። መታሰር አይናፍቅም፤ ብርዱ እስከ ዛሬ ጉልበቴ ውስጥ አለ። ያ ክፍል ግን ይናፍቀኛል። ሰው ስለ ስሌት ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ ያየሁት እዚያ ነው። የዛሬ ተማሪዎቼ ያንኑ ጥያቄ ስሰጣቸው በኮምፒውተር አፍታም ሳይቆዩ ይፈቱታል፤ ደግሞ አይሳሳቱም። እኔ ነኝ ክፍሉን ትቼ በመስኮት ወደ ጭላሎ ተራራ የማይ።

ባለፈው መኸር ልጁ እቤቱ ጠራኝ። ጎበሳ ስደርስ ስንዴው እየታጨደ ነበር። እናቱ ወገባቸው የጎበጠ፣ ዓይናቸው ንቁ ሴት ናቸው፤ አማርኛ አይናገሩም፣ እኔም በኦሮምኛ አዴ፣ እናቴ እያልኩ አወራኋቸው። እርጎ ቀረበ፣ ጨጨብሳ ቀረበ፣ እምቢ የማይባል ነገር ሁሉ ቀረበ። በመሐል የኮምባይነር ድምፅ ሲሰማ ልጁ ተራችን ደርሷል ብሎ ወደ ማሳው ሮጠ። አዴ እስኪርቅ ጠበቁ።

«ባርሲሳ፣ መምህሩ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለእሱ እንዳትነግረው።»

«ይጠይቁኝ አዴ።»

«እዚያ ሳላችሁ» አሉ። የት እንደሆነ አልተናገሩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ወደ ማሳው ያዩ ነበር። «እዚያ ሳላችሁ ይበላ ነበር?»

ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። ልጃቸው እንዳያውቁ ስለፈለገ እንዳላወቁ ሆነው ኖረዋል፤ ያንን ጥያቄ ግን ስንቱን ማዕድ እያቀረቡ ስንቱን እያነሱ ይዘውት እንደቆዩ እግዜር ይወቅ።

«መጀመሪያ እምቢ ብሎን ነበር» አልኳቸው። «ኋላ ግን ከሁላችን ጋር በላ።»

«ጠግቦ?»

ልዋሻቸው አሰብኩ። ጠግቦ ብል ደስ ይላቸው ነበር።

«እኩል» አልኳቸው።

አዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

«እኩል ከሆነ ይበቃል» አሉ።